የግራዝማች እንግዳሸት ጢም

እናንተ ልጆች «እምዬ፣ ያንን የሥዕሉን ነገር ንገሪን» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ይኸው ዓመት አለፈ። ሠርግ ላይ ትጠይቁኛላችሁ፣ ልቅሶ ላይ ትጠይቁኛላችሁ። ባለፈው ደግሞ ሐኪሙ ጥርሴን ሊነቅል አፌን አስከፍቶኝ ሳለ «በይ እስኪ ለሱም ንገሪው» ያለችኝ አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጣለች። እሺ፣ ልንገራችሁ። አንዳችሁ ጻፉት፤ እኔ ፊደልን ከሩቅ ነው የምሳለመው። ስትጽፉ ግን አታሳምሩልኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ተዉት።

መጀመሪያ የማኅበራችንን ነገር። እኛ እዚህ ደባርቅ አሥራ ሁለት ሆነን የሚካኤልን ማኅበር እንጠጣለን። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ስንጨርስ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከጽዋው ጋር አንድ የጥንት ሥዕልም ይዞራል፤ ክንድ በምታህል ሳንቃ ላይ የተለጠፈ ሸራ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ባንድ እጁ ሰይፍ ባንድ እጁ ሚዛን ይዞ ቆሟል። አንድ ሰይጣን ሚዛኑን ሊጎትት ከታች ይንጠራራል። ከመልአኩ እግር ሥር ደግሞ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ይማፀናል። ድሮ ሥዕል ያሠራ ሰው እንዲህ ከእግር ሥር ይሣል ነበር አሉ። እኛ ዘንድ የተኙት ግራዝማች እንግዳሸት ናቸው፣ የአበልጄ የአትጠገብ ቅድመ አያት።

አትጠገብ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ናት። አርባ ዓመት አበልጅ ሆነን ስንኖር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ደግ ሴት ናት። ብቻ ግራዝማችን ሳታነሣ ጠላ አትጠጣም። «ያ ጢማቸው፣ እስከዚህ ነበር እኮ» ትልና እምብርቷን ትነካለች። ከዚያ ሥዕሉን ታሳየናለች፤ እኛም ጠጋ ብለን እናይና «አቤት ጢም» እንላለን። እውነቱን ልናገር አይደል? የሚታየን ጥላሸት ነው። የስንት ዘመን የጧፍና የምድጃ ጭስ ከታች ከታቹ ተለብዶበት፣ ግራዝማች ጢም ይኑራቸው ማቅ ይልበሱ የሚያውቅ ሚካኤል ብቻ ነበር።

የታኅሣሡ ተራ የኔ ሆነና ኅዳር ላይ ጽዋውንና ሥዕሉን ከአያ ቢተው ቤት ተቀበልኩ። አያ ቢተው የማኅበሩ ሙሴ ነው፣ አለቃችን ማለት ነው። ቤት ገብቼ ግድግዳውን ለቀለቅሁ፣ መደቡን መረግሁ፣ አጎዛውን አራገፍኩ። ሁሉ ነገር ሲጸዳ ሥዕሉ ብቻውን ጠቆረብኝ። ነጠላን እንደ ወተት ነጭ የሚያደርግ እንዶድ መልአክን ምን ይለዋል ብዬ እንዶድ ወቀጥኩ። ከላይ መጀመር ድፍረት መሰለኝና ከእግር በኩል ጀመርኩ። ጨርቁ ላይ ቡናማ ነገር ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ጥላሸቱ ለቀቀ ብዬ ነው። ደግሜ አሸሁ። ደስታዬ እየጨመረ ሄደ። ጨርቁን ባነሣው የግራዝማች ራስ የነበረበት ቦታ ላይ እንቁላል የምታህል ነጭ ኖራ ቁጭ ብላለች። ሰውነታቸው እንደተኛ ነው፤ እጃቸው እንደተዘረጋ ነው፤ ፊት የላቸውም።

ጨርቁን ዘርግቼ ፈለግሁት። ፊታቸው እዚያ ላይ ተገልብጦ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው እንግዲህ። አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በጓሮ ክፍሌ ምሥራቅ የምትባል የዳባት ልጅ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሥዕል ታስተምራለች። ሮጬ ጠራኋት። ሳንቃውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳፋውን አየች።

«እማማ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በእንዶድ።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። «ይሄ እኮ ቅርስ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የአትጠገብ ቅርስ ነው። በይ አሁን ሳይመሽ ፊት ሣይልኝ።»

እሷ ግን አሮጌ ሥዕል አልነካም አለች። የሚነካው የተማረበት ሰው ነው፤ የኔ ድርሻ እውነቱን መናገር ነው አለች። እነግራቸዋለሁ፣ ግን ባዶ እጄን አልነግራቸውም አልኩ። ስንከራከር ቆይተን ኅዳር ሚካኤል ለት ከኔ ጋር ማኅበሩ ላይ መጥታ በስልኳ ያነሣችው ፎቶ ትዝ አላት። ከፈተችው። መልአኩ ጥርት ብሏል። ሰይጣኑ ጥርት ብሏል። ግራዝማች ፊት ላይ የአያ ቢተው የጠላ ዋንጫ ተደቅኗል።

በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፤ «የድሮ ሠዓሊ የሚማረው ያለፈውን ሥዕል እየቀዳ ነበር። እርስዎም በሌላ ሳንቃ ላይ ሙሉውን ይቅዱት። እኔ አሳይዎታለሁ፣ በራስዎ እጅ ግን ይሣሉት። ከዚያ አሮጌውንም አዲሱንም ይዘው ይቅርታ ይጠይቁ። ሰው የደከመበትን ሰው ያዝንለታል።»

መልካም ምክር ነው። እኔ ግን በልቤ ሌላ መከርኩ። አዲሱን በአሮጌው ልብስ ጠቅልዬ አስረክባለሁ፤ ምነው ሥዕሉ አበራ ቢሉኝ «አጠብኩት» እላለሁ። አንድም ውሸት የለበትም።

እንዲህ ሆኖ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ፣ ትምህርት ቤቴም የራሴ ጓሮ ሆነ። ምሥራቅን የኔታ እላት ጀመር፤ እሷ ታፍራለች፣ እኔ ግን የኔታ ኖሮኝ ስለማያውቅ አፌን ደስ ይለው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፏ ላይ እጠብቃታለሁ። አንድ ቀን ብታረፍድ «ቀረሽብኝ» ብዬ ተቆጣኋት።

መጀመሪያ ሥዕሉን በክር በካሬ በካሬ ከፈለችው። በባዶው ሳንቃ ላይም ያንኑ ያህል ካሬ አሰመረችኝ። አንዱን ካሬ አይቶ በካሬው ውስጥ ያለውን መቅዳት ነው። ይሄን ወደድኩት፤ መሬት መሸንሸን ያደግንበት ነገር ነው። የመልአኩ ቀኝ ክንፍ ዘጠኝ ካሬ ያዘ። ሰይፉ አራት፣ ሰይጣኑ ሁለት። አፍንጫው ግን ወሰን ላይ ወደቀብኝ። በላይኛው ካሬ ያለው አፍንጫና በታችኛው ካሬ ያለው አፍንጫ የማይተዋወቁ ሆኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌ እንደሚያስታርቀው ድንበር አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስገፋው ሰነበትኩ።

«እማማ፣ የሚያውቁትን አይሣሉ። የሚያዩትን ይሣሉ» ትለኛለች።

ይሄ ለሷ ቀላል ነው። እኔ ሚዛን ሳይ ገበያ ነው የሚመጣብኝ። ባዶ ሚዛን ዓይኔ አልወደደውምና አንዱ ሳህን ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት አስቀመጥኩበት። የኔታ አየችና «ይፋቁት» አለች። ከሁሉ አምሮ የወጣልኝ ሰይጣኑ ነው። ባንድ ጊዜ፣ ሳልደክም፣ ቁልጭ አለ። «እጅዎ ይሄን ያውቃል» ብላ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋን ለንስሐ አባቴ ልንገር አልንገር ሳምንት ተጨነቅሁ።

የዘይት ቀለም ማለት እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚወጣ፣ በተልባ ዘይት የሚቀጥን ቀለም ነው። አመሉ አለመድረቅ ነው። ሰኞ የቀባችሁትን ሐሙስ ብትነኩት ጣታችሁን ተከትሎ ይመጣል። የኛ የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ነጠላ ያጠበ ሰው ጠዋት እንደ ሰሌን ደርቆ ቆሞ ያገኘዋል፣ ቀለም ግን አያደርቅም። ምድጃ አጠገብ ባደርገው ጭስ ጠጣ። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ዝንብ ተለጠፈበት። የሚካኤል ሰይፍ ጫፍ ላይ አንዲት ዝንብ እስከ ዛሬ አለች።

አንድ ቀን ብሩሹን ሳጥብ ጠጉሩ ጠንከር ያለ መሰለኝና ጠየቅኋት።

«የኔታ፣ የምን ጠጉር ነው?»

«የአሳማ ነው እማማ።»

ጾመ ነቢያት ነው። መልአክ ነው። አሳማ ነው። ብሩሹን በሁለት ጣቴ ይዤ አጥር ሥር ቀበርኩት። «ሌላ ዓይነት አለ፣ ዳባት ስሄድ አመጣለሁ» አለችኝ፤ እኔ ግን እሷን እስክጠብቅ ቀኑ ይሮጥብኛል። አያ ቢተው በቅሎ ነበረችው፣ ጭራዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ። ውኃ ልቀዳ እንደሚሄድ ሰው በጓሮው በኩል አለፍኩና አንድ ጭብጥ ያህል ቆረጥኩላት። ከእንጨት ጋር በክር ጠምጥሜ ብሩሽ ሠራሁ። አያ ቢተው በማግስቱ «በቅሎዬን ማን ላጫት?» እያለ ሰፈሩን ሲዞር እኔም ደጄ ወጥቼ አብሬው አዘንኩ። ብሩሹ ጥሩ ነበር፤ ብቻ ጠጉሩን ይጥላል። ክንፉ ላይ የቀረውን ላባ ይመስላል ብዬ ተውኩት።

በዚህ መሀል ሁሉም ነገር አለቀና የግራዝማች ፊት ቀረ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚታየው። በጎን ዞሮ ባንድ ዓይን የሚታየው ኃጥእ ነው፣ ወይም ሰይጣን። እኔ ደግሞ የሚወጣልኝ የጎን ፊት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዓይን ባስገባው ጆሮ ላይ ይወጣል። አራት ጊዜ ሣልኳቸው፤ አራት ጊዜም ግራዝማች ባንድ ዓይናቸው ሽቅብ ሲያዩ ከሰይጣኑ ጋር የሚጠቃቀሱ መሰሉ።

«ይሄማ የሰይጣኑ ታናሽ ወንድም ነው» አለች የኔታ።

ያንን ለአትጠገብ ባስረክብ ቅድመ አያቷን ገሃነም ከትቼ ሰጠኋት ማለት ነው። ፋቅሁት።

«ከሌለ ፊት መቅዳት አይቻልም» አለች የኔታ። «ግን ሰው ዘሩን ይመስላል። ወይዘሮ አትጠገብን ይመልከቱ። በደንብ ይመልከቱ። ከዓይን እስከ ዓይን ስንት እንደሆነ፣ ግንባሩ የት እንደሚያልቅ፣ አፍንጫው የት እንደሚጀምር።»

አርባ ዓመት ያየኋትን ሴት አይቻት አላውቅም ኖሯል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ፊት ለፊቷ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲል ሕዝቡ ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ አትጠገብ። ሁለት ጊዜ ነጠላዋን አስተካከለች። ሦስተኛ ላይ ቦታዋን ለውጣ ከዓምዱ ጀርባ ገባች። እኔም ዞርኩ።

ከዚያ አትጠገብን ዳባት የአጎቷ ልጅ ሞተባትና ልቅሶ ልትሄድ ተነሣች። አብሬያት ሄድኩ፤ አበልጅ አይደለሁ? ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ገብቼ ወደ ኋላ ዞሬ ተቀመጥኩ። ከደባርቅ እስከ ዳባት መንገዱን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ሄድኩ። ሾፌሩ «እማማ፣ ያስመልስዎታል፣ ወደፊት ይዩ» አለኝ። እዚያ ምን አለና ወደፊት አያለሁ?

«አበልጄ» አለች አትጠገብ በመጨረሻ፣ «ምን ጎደለኝ?»

«ምንም አልጎደለሽ።»

«ፊቴ ላይ ነገር አለ?»

«አለ እንጂ። ሁሉም አለ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ዳባት በመስኮት ነው ያየችው። ለኔ ደግ ሆነ፤ ጎኗንም አጠናሁት።

ልቅሶ ቤት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ እኔ ቀና ብዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአውራ ጣቴ የአትጠገብን ግንባር እለካለሁ። የኔታ እንደዚያ ነው ያሳየችኝ። አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «ይቺ ሴት የሟቹ ምን ናት? ኀዘን አእምሮዋን ነካው» ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ አትጠገብን ሳል ያዛት። የዳባት ንፋስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። እሷ ግን ነገሩን አገጣጠመችው። ሐሙስ ገበያ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፤ ጆሮዋ ላይ ጤና አዳም ሰክታለች። «አበልጄ» ብዬ ልጠጋት ስል ከአንድ የገብስ ጆንያ ጀርባ ገብታ «ከዚያው ሆነሽ ተናገሪ» አለችኝ። ምን ብዬ ልናገር? ቆሜ አየኋት። ጤና አዳሟንም አየሁ።

ቅዳሜ ለት አያ ቢተው መጣ። የበቅሎዋ ነገር ተደረሰበት ብዬ ብሩሹን ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁ።

«እንዴት ዋልሽ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በቅሎዋ እንዴት ናት?»

«ተያት በቅሎዋን።» መደቡ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አትጠገብ ጽዋውን ከእጅሽ አልቀበልም ብላለች። ዓይኗ በላኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ትላለች። እኔ በዚህ አላምንም። ግን ተረኛ ካልተቀበለ ጽዋው እዚህ ይቀራል፤ ጽዋው ከቀረ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። ምን አደረግሻት?»

ያን ጊዜ ነገሩ ከሥዕል አለፈ። ልጄ በኩፍኝ ሲያጣጥር ሦስት ሌሊት ያልተኛችው እሷ ነበረች። ባሌ ሲሞት ከኔ ቀድማ የጮኸችው እሷ ነበረች። እሷ ዓይነ ክፉ ናት ካለችኝ ደባርቅ ውስጥ ልጁን አሳይቶኝ «እደጊልኝ» የሚያስብለኝ ሰው አላገኝም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አዲሱ ሳንቃ ከአያ ቢተው ጀርባ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ፊት አልነበረውም።

«አሥራ ሁለት ለት ትምጣልኝ ብቻ» አልኩት። «ከደጅም ብትቆም ትምጣ።»

እንግዲህ ሁለት ቀን ምግብ ሳልቀምስ ሣልኩ። ካሬ የለም፣ ክር የለም። የአትጠገብ ፊት ዓይኔ ውስጥ ነበረ፤ ብጨፍንም አለ። ሁለተኛው ዓይን ከመጀመሪያው ጎን፣ በቦታው ገባ። አፍንጫው ከአፍንጫው ጋር ተገናኘ። የሚያዩትን ይሣሉ ተብዬ የለ? ጆሮ ላይ ያለችውን ጤና አዳም እንኳ አልተውኩም። የኔታ መጥታ ብዙ ጊዜ ቆማ አየች።

«እማማ፣ ይሄ ሰው ነው» አለች። ከሷ አፍ ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፤ «ግን ራሳቸው ናቸው እኮ። ወይዘሮ አትጠገብ።»

«ጢም ሲገባበት ግራዝማች ይሆናሉ» አልኳት።

የኔታ ዳባት እናቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስስ አድርጌ የቀባሁት ፊት ጣቴን አለመከተሉን አይቼ፣ ጢሙን ጀመርኩ። የተልባው ዘይት አልቋል። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ከጓዳ የኑግ ዘይት አወጣሁና ጥቁሩን ቀለም በደንብ አራስኩት። ጢም የሚባለው ነገር ካነሰ አትጠገብ ትቀየማለችና ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአፍንጫ እስከ ደረት አለበስኳቸው። ጤና አዳሟም ከሥር ገባች። የበቅሎዋ ብሩሽ ያን ለት ጠጉሩን ጨርሶ አራገፈ፤ እኔም አልለቀምኩትም። ጢም ጠጉር ቢኖረው ምን ነውር አለው?

በማግስቱ ማኅበርተኛው ገባ። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው፣ ጠበሉ ተቀምሶ፣ ሥዕሉን ገለጥኩ።

«ምነው እንዲህ አበራ?» አለች አንዷ።

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በእንዶድ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ያን ሰዓት ሐሙስ ገበያ ያለውን እንዶድ ሁሉ በልባቸው ገዝተው ጨረሱት።

አትጠገብ መጥታ ነበር። ከበሩ ሥር ተሸፋፍና ተቀምጣለች፤ ከነጠላዋ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ያ ዓይን ሥዕሉን አየ። ነጠላው ቀስ ብሎ ወረደ። «ግራዝማች» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ይኸው ጢማቸው። አላልኳችሁም?» እኔም ሚካኤልን ደረስክልኝ አልኩት።

ያላሰብኩት ነገር መሳለሙን ነበር።

ማለት፣ እንደሚሳለሙ አውቃለሁ፤ ስሳለም ነው የኖርኩት። ግን መልአኩን ፊቱን የሚስም ማን አለ? ድፍረት ነው። ሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ከእግሩ ሥር ነው የሚሳለመው። እግሩ ሥር ደግሞ ማን ተኝቷል?

አባታችን ቀድመው ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ከል የተነከረ መስሏል። ካህን ናቸውና ማንም ምንም አላለም። ቀጥሎ አንዷ ተሳለመች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። እኔ ጽዋውን ይዤ ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አንድ ጢም፣ ሁለት ጢም፣ ሦስት ጢም። ግራዝማች በየሰዉ እየተከፋፈሉ ናቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ለትሕትና ዝም ይላሉ፣ እያንዳንዷ የሌላዋን እንጂ የራሷን አታይማ። አያ ቢተው ተሳልሞ ሲመለስ አፉን አጣጥሞ አጣጥሞ አንድ ረጅም ጠጉር ከምላሱ ላይ ጎተተ። ወደ ብርሃኑ ይዞት ወጣና አገላበጠው።

«ይሄን ጠጉር አውቀዋለሁ» አለ።

በመጨረሻ የቀረችው ተረኛዋ ነበረች። አትጠገብ መጣች፣ ሰገደች፣ ልትሳለም ጎንበስ አለችና እዚያው ቀረች። አሥራ አንድ አፍ ያለፈበት ጢም አንዲት ዘለላ አልቀረውም። ከመልአኩ እግር ሥር ሁለት የፈሩ ዓይኖች ያሏት ሴት ተኝታለች፤ ጆሮዋ ላይ ጤና አዳም አለ።

አትጠገብ እጇን ወደ ራሷ ጆሮ ሰደደች።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፤ ልዋሽ ብልም ምን ብዬ? ጓዳ ገብቼ አሮጌውን ሳንቃ ከጎታው ጀርባ አወጣሁና መሀል ቤት አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንዶዱን፣ ካሬውን፣ ሰይጣኑን፣ ዳባትን። የበቅሎዋን ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ አያ ቢተው ግን ሰማ። አሥራ አንድ ጥቁር ከንፈር አፍጥጦ ያየኛል። አልሳቅሁም። እንዴት እንዳልሳቅሁ አላውቅም።

አትጠገብ የኖራዋን ነጭ ቦታ በጣቷ ነካች።

«ሰሞኑን ሁሉ ያፈጠጥሽብኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ዓይንሽ በልቶኝ አይደለም?»

«ዓይኔስ በልቶሻል። ግን ለሥዕል ነው።»

«እኔ እኮ» አለች፣ «ልሞት ነው ብዬ ለልጆቼ ተናዝዣለሁ። ያችን ቀይ ላም ለታናሺቱ ሰጥቻለሁ። አሁን በምን አፌ እመልሳለሁ?» ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሎኝ ልይዛት ስጠጋ እየሳቀች ነው። አባታችንን አየች፣ ደግማ ሳቀች። እሳቸውም ያን ጊዜ በመሐረባቸው አፋቸውን ጠርገው አዩትና «ይሄ ቀኖና ያስፈልገዋል» አሉ። ቀኖናውን ሰጡኝ። ስንት ስግደት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ጉልበቴ ግን ያስታውሳል።

አትጠገብ ጤና አዳሟን ከጆሮዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ጽዋውን ተቀበለችኝ። አሮጌው ሳንቃ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይግባ፣ አዲሱ ከጽዋው ጋር ይዙር ተባለ። ደጅ ላይ ስሸኛት ግን ዞር ብላ ቆመች።

«ጢማቸውን ትመልሺላቸዋለሽ። ቅድመ አያቴ ሴት መስለው አይኖሩም።»

መለስኩላቸው። ከገና በኋላ፣ በተልባ ዘይት፣ የኔታ ከዳባት ባመጣችው ብሩሽ፣ አትጠገብ ቤት ተቀምጬ ሣልኩት። «እዚህ ጋ ሳሳ፣ ጨምሪ» እያለች አጠገቤ ሆና አሠራችኝ። ሁለት ወር ሲደርቅ ከረመ። እስከ ዛሬ ማኅበርተኛው ሲሳለመው መጀመሪያ በጣቱ ይሞክረዋል።

ከዓመታት በኋላ ከጎንደር የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሚመዘግብ ሰው መጣ። አሮጌውን ሳንቃ ገልብጦ፣ ወደ ኋላ የታጠፈውን የሸራውን ጠርዝ ቀስ አድርጎ ቢያነሣው ጽሑፍ ወጣ። በግእዝ ነው፤ አባታችን አነበቡልን። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስም ተጽፏል፤ ከመልአኩ እግር ሥር የተሣለውም ያው ሰው መሆኑ ተጽፏል። ወለተ ሐና፣ የእንግዳሸት ሚስት።